የዘፈናችን ወርቃማ ዘመን መቼ አለፈ?

በጉለሌ፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ፤ ሸማኔዎች የሚኖሩበት ሠፈር አለ። ሸማኔው ከጕድጓዱ ተቀምጦ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲያሳልፍ ሬዲዮው ወይም ቴፑ ከአጠገቡ አይለይም። ስለዚህ በዚያ ሠፈር ስለ ዘፈን የሚነሣው ክርክር የሥራ ፈቶች ወሬ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ በጆሮአቸው ሲመዝኑ የሚውሉ ሰዎች ፍርድ ነው እንጂ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በዚያው ሠፈር በአንድ ቤት ተሰብስበን ሳለን ከሬዲዮ አንድ የቆየ ዘፈን ተሰማ። ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንደኛው ጥቂት አዳመጡና «ዘፈን ማለት ይህ ነበረ፤ እርሱም አለቀ» አሉ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ወጣት «አባባ፤ መቼ አለቀ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ቀላል ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ቡናው በረካ እስኪደርስ ድረስ አልተፈታም።

ሽማግሌው «ከታኅሣሥ ግርግር ወዲህ ነዋ» አሉ። ከጐናቸው የነበሩት ጓደኛቸው «የለም፤ በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ከያዘና ሰዓት እላፊ ከታወጀ ወዲህ ነው» ሲሉ መለሱ። የቤቱ እመቤት ደግሞ «እኔስ ሸክላው ቀርቶ ካሴት የመጣ ዕለት ነው እላለሁ» አሉ። በዕድሜ ከእነርሱ የሚያንሰው ጐረቤት ግን «እኔ ያደግሁት በካሴት ነው፤ ነገሩን ያበላሸው ጥሩምባውን ያስጣለው ኦርጋን ነው» አለ። ከአራቱ አንዱም ማስረጃ አላጣም፤ አንዱም ሌላውን አልረታም።

እንዲህ ያለው ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1981 «ኦንሊ ፉልስ ኤንድ ሆርስስ» የሚባል አስቂኝ ተከታታይ ጨዋታ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ተጀመረ። ደራሲው ጆን ሰሊቫን ነበሩ፤ ነገሩም በለንደን ድኻ ሠፈር ነግደው ለመክበር ስለሚደክሙ ሁለት ወንድማማች ነው። እንግሊዞች ይህን ጨዋታ እጅግ ይወዱታል፤ መቼ መድከም እንደ ጀመረ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። አንዳንዱ እ.ኤ.አ. በ1989 የአንዱ ክፍል ርዝመት ከ30 ደቂቃ ወደ 50 ደቂቃ ባደገ ጊዜ ለዛው ቀነሰ ይላል። ሌላው ግን እ.ኤ.አ. በ1996 በገና ሰሞን ወንድማማቾቹ በከበሩበትና ከ24 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ በተመለከተው ክፍል መፈጸም ነበረበት፤ በ2001 ተመልሶ መምጣቱ ስሕተት ነው ይላል። እነዚህ ሰዎች የሚከራከሩት ስለ ዓመት ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያው የወደደው አጭሩን ቀልድ ነው፤ ሁለተኛው የወደደው የወንድማማቾቹን ሕይወት ነው። የወደዱት ነገር ስለ ተለያየ ያለቀበትም ዘመን ተለያየ።

እንግዲህ እኛም ስለ ዘፈናችን ወርቃማ ዘመን ማለፍ ከመፍረዳችን በፊት ወርቅ ያልነው ምን እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባናል።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ ውጭ አገር በተጓዙ ጊዜ በኢየሩሳሌም ወላጆቻቸው በእልቂት ያለቁባቸውን የአርመን ልጆች አገኙ። ከእነርሱም አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። ሕዝቡ «አርባ ልጆች» ብሎ የጠራቸው የጥሩምባ ጓድ እነዚህ ናቸው፤ አስተማሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንድያን ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ጥሩምባ የቤተ መንግሥትና የሠራዊት ክብር ሆነ። ከጠላት ወረራ በኋላም ክብር ዘበኛ፤ ፖሊስና ጦር ሠራዊት የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርም፤ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም ዘፋኞችንና ተጫዋቾችን በደመወዝ ያኖሩ ነበር። በቴአትሩም የኬቮርክ ናልባንድያን የወንድም ልጅ ነርሰስ ናልባንድያን ብዙ ተጫዋቾችን አሠለጠኑ።

ይህን ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ጥሩምባ ያለበት ኦርኬስትራ ብዙ አፍ የሚበላበት ቤት ነው፤ መሣሪያው ውድ ነው፤ ልምምዱም ብዙ ጊዜ ይጠይቃል። ዛሬ ስንሰማው ልባችንን የሚያነሣው ያ የጥሩምባ ድምፅ በብዛት የቆመው በመንግሥት ደመወዝ ነበረ። የመንግሥት ነገር በተናጋ ቍጥር እርሱም መናጋቱ አይቀርም ነበር።

አሁን ወደ ሽማግሌው ዐሳብ እንመለስ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራውን ያደረገው የክብር ዘበኛ አዛዥ ክፍል ስለ ነበረ ከሙከራው መክሸፍ በኋላ ቍጣው በዘፋኞቹም ላይ ደረሰ፤ ጥላሁን ገሠሠም ከታሰሩት አንዱ ነበሩ። ስለዚህ ሽማግሌው በዚያ ዓመት ክፉ ቀን መምጣቱን መናገራቸው እውነት ነው። ነገር ግን ማሕሙድ አሕመድ ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የገቡት ከዚያ ግርግር በኋላ ነው። ጥላሁንም ከእስር ወጥተው ብዙ ዓመት ዘፈኑ፤ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ የተሸኙት በመንግሥታዊ የቀብር ሥነ ሥርዐት ነው። ስለዚህ በ1953 ዓ.ም. አንድ ቤት ተናጋ እንጂ ዘመኑ አላለፈም።

እንዲያውም የወርቁ ዘመን ምስክር አድርገን የምንጠራቸው ሸክላዎች ብዙዎቹ የወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ አቶ ዐምሐ እሸቴ የሚባሉ ወጣት ነጋዴ ደፍረው እ.ኤ.አ. በ1969 የራሳቸውን ማሳተም ጀመሩ። የመጀመሪያው ሸክላቸው ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጡት የዓለማየሁ እሸቴ ነበረ። እስከ 1975 ድረስም 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጡ፤ ከዚያም ከአገር ወጡ። የሸክላው ባለቤትና የመጀመሪያው ዘፋኝ ሁለቱም በአንድ ዓመት፤ በ2013 ዓ.ም.፤ ዐረፉ።

ሁለተኛው ዐሳብ ከሁሉ የበረታ ነው። ከ1967 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ሰዓት እላፊ ለብዙ ዓመታት ጸና። በምሽት ወጥቶ በሌሊት ወደ ቤት መመለስ በቀረ ጊዜ የምሽት ቤቶች ኑሮ ተሰበረ፤ ተጫዋቹ አድማጩን አጣ፤ ብዙዎችም ተሰደዱ። ይህ ጉዳት እውነተኛ ጉዳት ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ይሁን እንጂ ማሕሙድ አሕመድ «እረ መላ መላ» የተባለውን ትልቅ ሸክላ በካይፋ ሬከርድስ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1975፤ ማለት ከለውጡ በኋላ ነው። ዋልያስ ባንድም «ቸ በለው» የተባለውን ሸክላ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። የምሽቱ ደስታ ሞተ፤ ዘፈኑ ግን በጠባቧ ሰዓት ውስጥ እየተንፈራገጠ ኖረ።

ሦስተኛው የቤቱ እመቤት ዐሳብ ነው። ካሴት የሸክላን ያህል አያምርም፤ በቀላሉ ስለሚገለበጥም ዘፋኙን ድካሙን አሳጥቶታል። ነገር ግን ካሴት ርካሽ ነው፤ በባትሪም ይሠራል። ሸክላ ማጫወቻ ያልገባበት የገጠር ቤት፤ የጭነት መኪና፤ የሸማኔ ጕድጓድ ሁሉ ዘፈን የገባው በካሴት ነው። እመቤቲቱ ያዘኑለት የድምፅ ጥራት ቢቀንስ የአድማጩ ቍጥር ግን በዛ።

አራተኛው ኦርጋን ነው። አንድ ሰው በሁለት እጁ የጥሩምባውንም የክራሩንም የከበሮውንም ድምፅ ማውጣት በቻለ ጊዜ ብዙ ሰው የሚቀጥር ባለገንዘብ አልተገኘም፤ ጥሩምባውም ከመድረክ ወረደ። ጐረቤቱ በዚህ ነገር ማዘኑ ያለ ምክንያት አይደለም። እኔም ወደ እርሱ ዐሳብ ያዘነበልሁ ነበርሁ፤ አንድ ታሪክ ግን መለሰኝ።

ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከተወሰኑ ጓደኞቻቸው ጋራ በዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን፤ ያለ ባንድ፤ ያለ ጥሩምባ፤ አኮርዲዮንንና ኤሌክትሪክ ኦርጋንን እያፈራረቁ ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ። በኋላም መሣሪያቸውን በመኪናቸው ጭነው በታክሲ ነጂነት ኖሩ፤ መንገደኛ እስኪያገኙ ድረስም ለራሳቸው ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ብራያን ሺምኮቪትስ የሚባሉ አሜሪካዊ ያን ካሴት በባሕር ዳር ከተማ አገኙት፤ ፈልገው ደውለውም በዚያው ዓመት እንደ ገና አሳተሙት። ኃይሉ መርጊያም ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር መድረክ ላይ ተጫወቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አዲስ ሥራ አወጡ። እነሆ፤ ያ ካሴት በአራቱም ተከራካሪዎች ሚዛን የውድቀት ዘመን ልጅ ነው፦ ከታኅሣሥ ግርግር በኋላ፤ ከለውጥ በኋላ፤ በካሴት፤ በኦርጋን። በውስጡ ያለው ግን ያው ቅኝት፤ ያው የአያቶቻችን ዜማ ነው።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ከአራቱ አንዳቸውም አልዋሹም፤ እያንዳንዳቸው ያጡትን ነገር ቀን በትክክል ቈጥረዋል። ሽማግሌው የጐልማሳነታቸውን ኦርኬስትራ፤ ጓደኛቸው ምሽቱን፤ እመቤቲቱ ሸክላውን፤ ጐረቤቱ ጥሩምባውን አጥተዋል። እነዚህ ሁሉ ግን የዘፈኑ ማደሪያዎች ናቸው እንጂ ዘፈኑ አይደሉም። ከቅኝቶቻችን አንዱን «ትዝታ» ብለን የሰየምን ሕዝብ በትዝታ መፍረዳችን አያስደንቅም፤ ነገር ግን ትዝታ ጥሩ ዜማ ሆኖ ሳለ ጥሩ ዳኛ አይደለም።

ይህ ክርክር የጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁትም ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተባሉት ተከታታይ እትሞች የቆየ ሙዚቃችንን ለዓለም አሰሙ፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። በእትሞቹ ርእስ ላይ ግን «ወርቃማ ዓመታት» የተባሉት ከ1969 እስከ 1975 ያሉት፤ የሸክላው ዓመታት ናቸው። እኛም ያን የዘመን አጥር እንደ ሕግ ተቀበልነው። ከአጥሩ ውስጥ ያለው ሸክላ በክብር ይጠበቃል፤ በብዙ ዋጋም ይሸጣል። ከአጥሩ ውጭ የቀረው ካሴት ግን «የውድቀት ዘመን ነው» እየተባለ ይጣላል። ካሴት ደግሞ ብዙ አይጠብቅም፤ በእርጥበት ይሻግታል፤ በሙቀት ይጣመማል፤ ማግኔቱም ይደክማል። ዘመኑ ወድቆ ሥራው አልጠፋም፤ ወድቋል ስላልን ሥራው እየጠፋ ነው።

በዚያች እሑድ ማታ ልንነሣ ስንል ወጣቱ የእመቤቲቱን የካሴት ሣጥን ከአልጋ ሥር ስቦ አወጣ። ካሴቶቹ ጥቂቶቹ ስማቸው ተፍቋል፤ የአንዳንዱም ክር ተበጥሶ በጥፍር ቀለም ተቀጥሏል። ከመካከላቸው አንዱን ቴፑ ውስጥ ከተተው። ሙሉ በሙሉ የኦርጋን ዘፈን ነበረ። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ «ይህንስ ልጄን ስድር ሰምቼዋለሁ፤ ከፍ አድርገው እስቲ» አሉ። የዘመኑንም ነገር ዳግመኛ አላነሡም።

አንባቢ ሆይ፤ በቤትህ እንዲህ ያለ ሣጥን ካለ አትጣለው። ክሩ ሳይላላ ወደ ሌላ መሣሪያ አስገልብጠው፤ የዘፋኙንና የተጫዋቾቹንም ስም የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቀህ ጻፍበት። ወርቁና መዳቡ የትኛው እንደ ሆነ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ይለዩታል፤ ሊለዩት የሚችሉት ግን ያስቀመጥንላቸውን ብቻ ነው።