የትም የማይገጥም ሐዲድ

የአየርላንድ ባቡር አፍቃሪዎች ለምን ያን ያህል እንደሚደክሙ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ናፍቆት ነው፤ የከሰሉ ጢስ፣ የፉጨቱ ድምፅ፣ የተዘጋው መስመር ትዝታ። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ብዙ አይነግረንም፤ ናፍቆት በየአገሩ አለና። የአየርላንዱን ለየት የሚያደርገውን ለማግኘት ሜትር ይዞ ሐዲዱ ላይ ማጎንበስ ይሻላል። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት እዚያ 1600 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ባሕር ተሻግሮ በብሪታንያ ግን 1435 ነው። ልዩነቱ አንድ ስንዝር አይሞላም። ይህች ከስንዝር ያነሰች ልዩነት ናት፣ በእኔ ግምት፣ የአየርላንድን የባቡር ፍቅር ከትርፍ ጊዜ መዝናኛነት አውጥታ ወደ ነፍስ አድን ሥራ የለወጠችው።

ደሴቲቱ ይህን ስፋት አስባ የመረጠችው አይደለም። በ1834 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከደብሊን ወደ ኪንግስታውን የተከፈተው የመጀመሪያው መስመር እንደ እንግሊዞቹ 1435 ነበር። ከቤልፋስት የተነሳው የአልስተር ባቡር ኩባንያ ግን ወደ 1880 የሚጠጋ ስፋት ይዞ መሥራት ጀመረ። ከደብሊን ወደ ድሮኸዳ የሚዘረጋው ሦስተኛው ኩባንያ ደግሞ ወጪ ለመቆጠብ ሲል 1575 ይበቃኛል አለ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ቀን መገናኘታቸው ስለማይቀር አልስተሮች አቤት አሉ፤ ጉዳዩም የመንግሥት የባቡር ተቆጣጣሪ ከነበሩት ከጄኔራል ቻርልስ ፓዝሊ ዘንድ ቀረበ። ፓዝሊ የታወቁ መሐንዲሶችን አማከሩ፤ የተሰጣቸው ሐሳብ የተለያየ ስለነበር እንደ ሽማግሌ መሀሉን ፈረዱ። በ1846 የወጣው ሕግ 1600 ሚሊ ሜትርን የአየርላንድ ስፋት አድርጎ አጸደቀው። የአልስተሩ ኩባንያ ሐዲዱን ማጥበብ፣ የኪንግስታውኑም ቆይቶ በ1857 ማስፋት ግድ ሆነባቸው። ማንም ሳይከፋ ማንም ሳይደሰት የተፈጸመ እርቅ ነበር ማለት ይቻላል።

እርቁ ያስከተለው ነገር የታየው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1920 ገደማ የደሴቲቱ ሐዲድ 5,500 ኪሎ ሜትር ያህል ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መኪናና የጭነት ካሚዮን ገበያውን ወሰዱት። በተለይ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መስመሮች በተከታታይ ተዘጉ፣ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችም በናፍጣ ተተኩ። ብሪታንያም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟታል፤ ግን እዚያ ደቡብ ዌልስ ውስጥ ባሪ በተባለ ስፍራ አንድ የቁርጥራጭ ብረት ግቢ ነበር። ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ሎኮሞቲቮች ሳይቆራረጡ ለዓመታት ዝገው ቆሙበት፤ አፍቃሪዎቹም ገንዘብ እያዋጡ ከመካከላቸው 213ቱን አወጡ። የእንግሊዝ ባቡር አፍቃሪ ጊዜ ነበረው፤ ዛሬ ያልገዛውን ከአሥር ዓመት በኋላ ሊገዛ ይችል ነበር። አየርላንድ ባሪ አልነበራትም። ከአገልግሎት የወጣ ሎኮሞቲቭ ወዲያው ይቆራረጣል፤ የጎደለውን ከሌላ አገር ላምጣ ቢባል ደግሞ የሚመጣው ነገር ሐዲዱ ላይ አይቆምም። ከመቶ በላይ ሆነው ከ1866 ጀምሮ የተሠሩት፣ በደቡብና በምዕራብ አየርላንድ ጭነቱንም መንገደኛውንም ሲጎትቱ የኖሩት ትንንሽ ሎኮሞቲቮች እንኳ ዛሬ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ 184 እና 186 ቁጥር።

ነገሩ ይበልጥ የሚገለጠው ጠባቦቹን መስመሮች ሲያዩ ነው። በዶኒጎል፣ በኬሪ፣ በክሌር ገጠሮች ስፋታቸው 914 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንንሽ ባቡሮች ይሄዱ ነበር። የዶኒጎል መስመሮች በ1959 መጨረሻ ሲዘጉ ከባቡሮቹ ሁለቱን የማን ደሴት ሰዎች ገዝተው ወሰዷቸው፤ የእነሱም ሐዲድ 914 ስለነበር በቀጥታ ገጠመላቸው። የትራሊና ዲንግል 5 ቁጥር ሎኮሞቲቭ በ1959 አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ ያለ ሙዚየም ገባ፣ በ1986 ደግሞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ትንሹ ዕቃ በዓለም ላይ ዘመድ ነበረው፤ ትልቁ ግን አልነበረውም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሳል፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። አንደኛው፣ 1600 ሚሊ ሜትር በአየርላንድ ብቻ አይገኝም የሚል ነው። እውነት ነው፤ በአውስትራሊያ ቪክቶሪያና ደቡብ አውስትራሊያ፣ በብራዚልም ይገኛል፤ ወደ አውስትራሊያ እንዲገባ የወተወተውም አየርላንዳዊ መሐንዲስ ነው። ይሁንና ሜልቦርን ላይ የቆመ ሎኮሞቲቭ ለቤልፋስት አፍቃሪ ምን ይጠቅመዋል? በገዛ ገንዘቡ የሚሠራ ማኅበር ውቅያኖስ አቋርጦ መቶ ቶን ብረት አያጓጉዝም፤ ቢያጓጉዝም የሚያመጣው የአውስትራሊያን ታሪክ እንጂ የአየርላንድን አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ የባሰ ነው፤ ሰረገላ ከሥሩ ያለው የመንኮራኩር ማቀፊያ ተለውጦለት ወደ ሌላ ስፋት ሊዛወር ይችላል፣ ሰሜን አየርላንድም ከብሪታንያ ያገለገሉ ሰረገላዎችን በዚህ መንገድ አምጥታለች ይላል። ይህንንም አልክድም። ግን ሰረገላ ሳጥን ነው፤ ከታች ያለው ቢለወጥ ሳጥኑ አይጎዳም። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ግን የተሠራው ከስፋቱ ተነስቶ ነው፤ አካሉን የተሸከሙት ወጋግራዎች፣ ሲሊንደሮቹ፣ የእሳት ሳጥኑ ሁሉ በሁለቱ መንኮራኩሮች መካከል ባለው ቦታ ልክ ተለክተው ተቀመጡ። እሱን ማስፋት እንደ ሰረገላው ቀላል አይደለም።

ሌላው መከራከሪያ ፖለቲካዊ ነው፤ አፍቃሪዎቹን ያስተባበራቸው በ1921 ደሴቲቱን ሰሜንና ደቡብ አድርጎ የከፈለው ድንበር ነው ይባላል። የታላቁ ሰሜን ባቡር ኩባንያ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ይመስላል። ድንበሩን ደጋግሞ የሚያቋርጥ ኩባንያ ስለነበር በ1953 ሁለቱ መንግሥታት በጋራ ገዙት፤ በ1958 ደግሞ እንደ ውርስ ንብረት ሎኮሞቲቮቹን ለሁለት ተካፈሏቸው። በ1964 የአየርላንድ የባቡር ጥበቃ ማኅበር ሲቋቋም ግን በሰሜንም በደቡብም አንድ ሆኖ ነው፤ ዋና ሥራ ቦታው ከቤልፋስት በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለችው ዋይትሄድ ሆኖ፣ ደብሊን ላይም ሰረገላ ያቆማል። እኔ ድንበሩ ምክንያት ሳይሆን ፈተና ነበር እላለሁ። በክፍፍሉ ንብረቱ ለሁለት ሲወጣ ስፋቱ ግን አንድ ሆኖ ቀረ፤ ከሰሜኑ ድርሻ የተረፈ ሎኮሞቲቭ ደቡብ ላይ ያለ ችግር ይሄዳል። ፍቅሩ ከመስመሮቹ መዘጋት የመጣ ቁጭት ነው ለሚሉም አንድ ቀን አስታውሳለሁ፤ የአየርላንድ የባቡር ታሪክ መዝገብ ማኅበር ደብሊን ላይ የተመሠረተው በ1946 ነው። ጥቂት መስመሮች አስቀድመው ቢዘጉም ትልቁ የመዝጋት ዘመቻ ገና አልጀመረም ነበር። ሰዎቹ መመዝገብ የጀመሩት ከማዘናቸው በፊት ነው።

ደግሞ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ አንድ የማይጠበቅ ዕድል ነበር። በብሪታንያ የመንግሥት ባቡር የመጨረሻው መደበኛ የእንፋሎት ባቡር ነሐሴ 1968 ሲቆም፣ ቤልፋስት አካባቢ ግን ሰዎች «ጂፕ» የሚሏቸው ሎኮሞቲቮች አሁንም ይሠሩ ነበር። ለአዲሱ አውራ ጎዳና መሙያ የሚሆን አፈርና ድንጋይ ከማገራሞርን ያመላልሳሉ። ይህ ሥራ እስከ 1970 ቆየ። በ1947 የተሠራው 4 ቁጥር ከዚያ ወጥቶ በ1971 በባቡር ጥበቃ ማኅበሩ እጅ ገባ። መንገድ የባቡርን ገበያ ገደለ ይባላል፤ ይህችን ሎኮሞቲቭ ግን ያተረፋት መንገድ ነው።

ማኅበሩ የራሱ ሐዲድ አልነበረውም፤ ከዚህም ሌላ ልዩነት መጣ። እንግሊዝ አገር የተዘጋ መስመር ገዝቶ እሁድ እሁድ ወዲያና ወዲህ ማለት የተለመደ ነው። በአየርላንድ በ1600 ስፋት እንዲህ ያለ መስመር ያለው ዳውንፓትሪክ ብቻ ነው፤ በ1950 ተዘግቶ የተነቀለውን ሐዲድ በ1980ዎቹ አፍቃሪዎች በእጃቸው መልሰው ዘረጉት፤ ከሎኮሞቲቮቻቸውም ሁለቱ በ1930ዎቹ ለስኳር ፋብሪካ ጀርመን ውስጥ የተሠሩ ናቸው። የቀረው ሽርሽር ሁሉ የሚካሄደው መንገደኛ በሚመላለስበት ዋናው ሐዲድ ላይ፣ በመደበኛ ባቡሮች መካከል ሰዓት ተለምኖ ነው። ከ1973 ጀምሮ ከቤልፋስት ወደ ፖርትራሽ የባሕር ዳርቻ የሚወርደው «ፖርትራሽ ፍላየር» የጫነው ባቡር አፍቃሪ ብቻ አልነበረም፤ ባልዲና አካፋ የያዙ ልጆች ነበሩበት። ቤልፋስት በቦምብ በምትናወጥበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዋይትሄድ ጣቢያም ቢሆን የሽርሽር ቦታነቱ አዲስ አይደለም፤ በ1907 ለሽርሽረኛ ተብሎ የተሠራ ነው። ሽርሽሩ የጨለመ ታሪክም አለው። ሰኔ 12 ቀን 1889 ከአርማ ከተማ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ይዞ የወጣ ባቡር ዳገት አቃተው፤ ለሁለት ሲከፈልም የኋለኛው ክፍል ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ሌላ ባቡር ገጨ። ሰማንያ ሰው ሞተ። ባቡሩ ሲበጠስ በራሱ የሚይዝ ፍሬን በሕግ ግዴታ የሆነው በዚያው ዓመት፣ በዚሁ ምክንያት ነው።

የሞዴል ባቡር ሠሪዎችም ከስፋቱ አላመለጡም። በተለመደው መጠን፣ አንዱ ለ76 በሚያህል፣ 1600 ሚሊ ሜትር 21 ይሆናል። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ሐዲድ ግን 16.5 ነው፤ ተባዝቶ ሲታይ 1257 ገደማ፣ ማለትም ከእውነተኛው ከ34 ሴንቲ ሜትር በላይ የጠበበ። ስለዚህ የአየርላንድ ሞዴል ሠሪ ወይ እያወቀ ይዋሻል፣ ወይ እያንዳንዱን ሐዲድ በእጁ ይሠራል። የደብሊኑ ኢንቺኮር የባቡር ፋብሪካ መሐንዲስ የነበረው ሲሪል ፍራይ በእጁ የመሥራት ዘመን ትልቁ ስም ነው፤ የሠራቸው ሞዴሎች ለብዙ ዓመት በማላሃይድ ግንብ ቆይተው ከ2020 ጀምሮ እዚያው ከተማ የራሳቸው ሙዚየም አግኝተዋል። የአየርላንድን የናፍጣ ሎኮሞቲቭ በፋብሪካ ተሠርቶ ሱቅ ውስጥ ማግኘት የተቻለው ዘግይቶ ነው። ከዚያ በፊት ብዙው ሰው የውጭ አገር ሎኮሞቲቭ ገዝቶ ብርቱካንማና ጥቁር ይቀባው ነበር፤ በእውነተኛው ሐዲድ ላይ የማይቻለው ማጭበርበር በጠረጴዛ ላይ ተችሏል።

ክርክሬ ስለ ናፍጣ ሲመጣ እንደሚዳከም አምናለሁ። የናፍጣ ሎኮሞቲቭ እንደ ሰረገላው ከታች ያለው ተለውጦለት ስፋት ሊቀይር ይችላልና፣ እነሱን ለማዳን በ1989 የተቋቋመው ማኅበር የሚሠራው በሌላ ምክንያት ነው። ለእንፋሎቱ ግን ከሜቭ የተሻለ ምስክር አላውቅም። 800 ቁጥር ሜቭ በጥንቷ የኮናክት ንግሥት ስም ተጠርታ፣ ስሟ በአየርላንድ ፊደል ተጽፎላት በ1939 ኢንቺኮር ውስጥ ተሠራች፤ እህቶቿ ማካና ታይልቴ ብቻ ናቸው። ክብደቷ ስለሚያስቸግር የምትሠራው ከደብሊን ወደ ኮርክ ባለው መስመር ነበር። ሥራዋን ስትጨርስ የሚያኖራት ሙዚየም ደቡብ ላይ አልተገኘምና ወደ ቤልፋስት ተወሰደች። ዛሬ ያለችው ሰሜን አየርላንድ ውስጥ፣ ከልትራ በተባለ ስፍራ ባለው የትራንስፖርት ሙዚየም አዳራሽ ነው፤ የቆመችበትም ሐዲድ ስፋት 1600 ሚሊ ሜትር።