ኮተን፦ የሐዲዱ ዳር ሻምፒዮን

በጅቡቲ ከተማ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ድሬዳዋ ሩቅ አገር ሆና አታውቅም። ከወደቡ የሚነሣው የድሮው ሐዲድ ከ300 ኪሎ ሜትር ጥቂት እንዳለፈ የሚደርስባት ከተማ ናት። ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ጨውና ጨርቅ፣ ጫትና አትክልት፣ ነጋዴና መንገደኛ በዚህ ሐዲድ ሲመላለሱ ኖረዋል። ወሬም አብሮ ተጉዟል፤ ከወሬውም አንዱ የኳስ ወሬ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የድሬዳዋ ኳስ ወሬ ማለት የኮተን ወሬ ማለት ነበር። ኮተን ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነው። ዛሬ ግን በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሰንጠረዥ ላይ ስሙን የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። እንዲህ ከፍ ብሎ የነበረ ቡድን እንዴት ሊጠፋ ቻለ? መልሱ የሚገኘው ከሜዳው ይልቅ ቡድኑ በተፈጠረበት ፋብሪካ ታሪክ ውስጥ ነው።

ባቡር የወለዳት ከተማ

ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኔ የባቡር መንገድ ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ የነበረ ቢሆንም ተራራው ወጪውን ከባድ ስላደረገው ከግርጌው ባለው ቆላ እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1902 መጨረሻ ባቡሩ የደረሰበት ያ ቆላ ነው ድሬዳዋ የሆነው። ቀጥ ባሉ መንገዶች የተቀየሰው ከዚራ በአንድ ወገን፣ የመጋላው ገበያ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በሌላ ወገን ሆነው አደጉ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1917 ነው። በዚያ መካከል ድሬዳዋ የባቡሩ ጥገና፣ የዕቃው ማራገፊያና የነጋዴው ማደሪያ ሆና ቆየች።

ባቡር ባለበት ፋብሪካ ይከተላል። በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ በከተማዋ የሲሚንቶና የጥጥ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ። የጥጡ ፋብሪካ ከነጻነት በኋላ እየሰፋ ሄዶ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን የሚያሳድር ትልቅ ተቋም ሆነ። ሕዝቡ ፋብሪካውንም፣ ቡድኑንም በአንድ ስም «ኮተን» ብሎ ጠራቸው። በስሙ አጠራር እንኳ ፋብሪካውና ቡድኑ የማይለያዩ ነበሩ።

የደመወዝ መዝገብና የተጫዋቾች ዝርዝር

በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ በኳስ ብቻ የሚተዳደር ተጫዋች አልነበረም። ተጫዋቹ እንጀራው የሚጋገረው በሌላ ሥራ ነው፤ ወታደር፣ የቴሌ ሠራተኛ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ስለዚህ ለጎበዝ ተጫዋች ትልቁ ማባበያ ቋሚ ሥራ ነው። ፋብሪካ ደግሞ ሥራ መስጠት ይችላል። ተጫዋቹ ጧት በደመወዝ መዝገቡ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ በቡድኑ ዝርዝር ላይ ስሙ ይገኛል።

የኢትዮጵያ ሻምፒዮና በ1944 ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ 1959 ድረስ ዋንጫው ከአዲስ አበባና ከአስመራ ቡድኖች እጅ አልወጣም። ጦር ሠራዊቱ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ሐማሴን፣ አካለ ጉዛይና ቴሌ ተራ በተራ አነሡት። ድሬዳዋ በዚህ መዝገብ ውስጥ አልነበረችም።

በ1960 ኮተን ሻምፒዮን ሆነ። በ1961 የዚያችው ከተማ ሌላ የፋብሪካ ቡድን፣ ኢትዮ ሲሚንቶ፣ ዋንጫውን ተረከበ። በ1962ና በ1963 ኮተን መልሶ ወሰደው፤ በ1964 ኢትዮ ሲሚንቶ፣ በ1965 እንደገና ኮተን። ስድስት ዓመት ሙሉ የኢትዮጵያ ዋንጫ ከሐዲዱ ዳር ከተማ አልወጣም። ዋና ከተማዋ ዋንጫውን ያገኘችው በ1966 ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲያሸንፍ ነው። ይህ ከዋና ከተማዋ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በቆላ ለምትገኝ፣ ሁለት የፋብሪካ ቡድኖቿን ብቻ ይዛ ለመጣች ከተማ ቀላል ነገር አይደለም።

ሉቻኖ

የኮተን ዘመን ያለ ሉቻኖ ቫሳሎ አይነገርም። ሉቻኖ በ1935 በአስመራ ከኤርትራዊት እናትና ከኢጣሊያዊ ወታደር አባት ተወለደ። በአስመራ ቡድኖች ኳስን ከለመደ በኋላ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ የኮተንን ማሊያ ለበሰ፤ በ1960፣ በ1962፣ በ1963ና በ1965 ከቡድኑ ጋር ሻምፒዮን ሆነ።

ጥር 21 ቀን 1962 በአዲስ አበባ የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሲካሄድ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል እርሱ ነበር። ተጋጣሚው ያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ናት። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ኢትዮጵያ 2 ለ 1 እየተመራች ነበር። በ84ኛው ደቂቃ ሉቻኖ አገባና አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አንድ አንድ ጎል ጨመሩ፤ ኢትዮጵያም 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ሉቻኖ ነው። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያላት ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ይኸው ነው፤ ያን ዋንጫ ከሽንፈት ያተረፈው ጎልም ከኮተን ሰው እግር የወጣ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ቡድኑ ራሱ ወደ አህጉሩ መድረክ ወጣ። የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ በየካቲት 1965 በአክራ ከተሰበሰቡት አራት ቡድኖች አንዱ ኮተን ነበር። የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ፣ የማሊው ስታድ ማሊያን፣ የጋናው ሪል ሪፐብሊካንስ፣ አራተኛው ደግሞ የድሬዳዋ ሸማኔዎች ቡድን። በግማሽ ፍጻሜው በስታድ ማሊያን 3 ለ 1 ተሸነፈ፤ ዋንጫውን ኦሪክስ ወሰደ። ሽንፈቱ ሽንፈት ቢሆንም፣ በአፍሪካ የክለቦች ውድድር የመጀመሪያ ገጽ ላይ የአንድ ጨርቅ ፋብሪካ ስም ተጽፎ ቀርቷል።

ክሩ ሲበጠስ

በ1975 ደርግ ትልልቆቹን ፋብሪካዎች ወረሰ። በ1977 ጦርነቱ ወደ ምሥራቅ መጣ፤ የባቡሩ ድልድዮች ተሰባብረው መስመሩ ተቋረጠ፤ ድሬዳዋ ራሷ ጥቃት ደረሰባት። ሉቻኖም በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአገር ተሰድዶ በኢጣሊያ ኖረ። ኮተን ግን ገና አልሞተም ነበር። በ1983፣ ከ18 ዓመት በኋላ፣ አምስተኛውንና የመጨረሻውን የኢትዮጵያ ዋንጫ አነሣ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የሜዳ ሽንፈት ብቻ አልነበረም። ከደርግ ውድቀት ወዲህ የቆዩት የመንግሥት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከውጭ በሚገባው ርካሽ ልብስና በሰልባጅ ገበያቸውን ተነጠቁ። በድሬዳዋ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነበር፤ በዚያው በባቡሩ ከጅቡቲ የሚወጣው የኮንትሮባንድ ጨርቅ ከፋብሪካው ደጃፍ ላይ ይሸጥ ነበር። ፋብሪካውን የወለደው ሐዲድ የተፎካካሪዎቹንም ዕቃ አመላለሰ። ማሽኖቹ ያረጁበት፣ ለሠራተኛው ደመወዝ የሚጨነቅ ፋብሪካ ለማሊያና ለጫማ የሚተርፈው ገንዘብ አይኖረውም። ቡድኑ ከፋብሪካው በቀር ሌላ ምሰሶ ስላልነበረው ፋብሪካው ሲደክም አብሮ ደከመ፤ ከዋናው መድረክም ወረደ። ባቡሩም በ2000ዎቹ መጨረሻ ቆመ።

በሌላው ዓለምም ከፋብሪካ የተወለዱ ቡድኖች አሉ። በሆላንድ የፊሊፕስ ፋብሪካ ሠራተኞች በ1913 የመሠረቱት ፒኤስቪ፣ በጀርመን የባየር መድኃኒት ፋብሪካ ሠራተኞች በ1904 የመሠረቱት ሌቨርኩዘን ዛሬም በአውሮፓ ሜዳዎች ይታያሉ። ልዩነቱ እነዚያ ከጊዜ በኋላ የራሳቸው አስተዳደር፣ የራሳቸው ስታዲየምና ከፋብሪካው አጥር ውጭ ያለ ገቢ ማበጀታቸው ነው። ኮተን ከተማ ሙሉ የሚወደው ቡድን ነበር፤ ከተማው ግን ባለቤቱ አልነበረም። ዛሬ በሊጉ የከተማዋን ስም የሚያስጠራው ድሬዳዋ ከተማ የሚተዳደረው በከተማው አስተዳደር ድጋፍ ነው። ይህም ቢሆን ባለቤቱን ከፋብሪካ ወደ መሥሪያ ቤት ማዛወር እንጂ ለደጋፊው መስጠት አይደለም።

ጉዳዩ ለጅቡቲም እንግዳ አይደለም። በጅቡቲ ሻምፒዮናም የፖሊስ፣ የጀንዳርሜሪ፣ የወደብና የቴሌኮም ስም የያዙ ቡድኖች ሲፎካከሩ ቆይተዋል፤ ጅቡቲንና ኢትዮጵያን ያገናኘው የባቡር ኩባንያ ስም የሚጠራበት ቡድንም ነበረ። ቡድን ከአንድ መሥሪያ ቤት ካዝና ጋር ብቻ ሲታሰር ዕድሜው ከካዝናው አያልፍም።

ከ2018 ጀምሮ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከናጋድ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል አዲስ አበባ ይደርሳል። የመንገዱ ታሪክ ሲነገር ስለ መሐንዲሶቹና ስለ ጭነቱ ብዙ ይባላል፤ በመንገዱ ዳር ስለ ተፈጠረው ቡድን ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ኢታሎ ቫሳሎ በ2021፣ ሉቻኖ በ2022 አርፈዋል። የዚያ ዘመን ምስክሮች እያለቁ ነው። አበው «ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ኮተንን መልሶ ማቋቋም የሚቻል አይመስልም። ነገር ግን በድሬዳዋም ሆነ በጅቡቲ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የቀረ የቡድን ፎቶግራፍ፣ በየሽማግሌው አንደበት የቀረ የጨዋታ ትዝታ ካለ፣ ያ ሳይጻፍ እንዳይቀር ማድረግ ይቻላል። የሚመጣው ክረምት ቤት የሚሠራለት ያለፈው ምን እንዳፈረሰ ሲታወቅ ነውና።