«ወተቴ አነሰ» የሚለው ቃል ታሪክ

በኢትዮጵያ ልጇን ጡት የማታጠባ እናት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ችግሩ ያለው ጡት ብቻ በማጥባቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከሁለት ወር በታች ከሆኑት ሕፃናት 74 በመቶው የእናት ጡት ወተት ብቻ ይመገቡ ነበር፤ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባሉት ላይ ቁጥሩ 64 በመቶ፣ ከአራት እስከ አምስት ወር ባሉት ላይ ደግሞ 36 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። እናቶቹ አልጀመሩም ለማለት አይቻልም፤ ጀምረው ነው የሚያቋርጡት። ምክንያቱን ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስም አጭር ነው፦ «ወተቴ አነሰ»፣ «ልጁ አይጠግብም»፣ «ሥራ ልገባ ነው»።

ይህ መልስ በጤና ተቋማት ዘንድ ብዙውን ጊዜ የግንዛቤ ጉድለት ተብሎ ይታለፋል። ታሪኩን ለሚከታተል ሰው ግን ቃሉ ከእናቲቱ አፍ ከመውጣቱ በፊት በሐኪሞች መጽሐፍ፣ በማዋለጃ ክፍሎች ሥርዓት፣ በንግድ ማስታወቂያና በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ውስጥ ሲዘጋጅ የቆየ ሆኖ ይገኛል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከአዋጅ ቁጥሮች በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1865 ለሕፃናት የሚሆን ምግብ ቀምሞ አስታወቀ። ሄንሪ ኔስሌም በ1867 በስዊዘርላንድ ቬቬ ከተማ ከወተትና ከስንዴ የተሠራ ዱቄቱን ለገበያ አቀረበ። ስለ ጡት መቋረጥ ሲወሳ ብዙ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው በእነዚህ ዱቄቶች ላይ ነው፤ ይሁን እንጂ ሌላ፣ ብዙም የማይወሳ ዕቃ የዱቄቱን ያህል ጉዳት አድርሷል፤ እርሱም ሰዓት ነው። የኒው ዮርኩ የሕፃናት ሐኪም ሉተር ኤመት ሆልት በ1894 ባሳተመው የእናቶች መመሪያ ሕፃን በተወሰነ ሰዓት ብቻ እንዲመገብ አስተማረ። በኒው ዚላንድ በ1907 የፕላንኬትን ማኅበር የመሠረተው ትሩቢ ኪንግ ደግሞ ሕፃኑ በየአራት ሰዓቱ እንዲጠባ፣ ሌሊት ግን እንዳይጠባ አዘዘ። የሚገርመው ኪንግ የእናት ጡት ወተት ጽኑ ደጋፊ የነበረ መሆኑ ነው። ጡትን ያከብር ነበር፤ ጡት የሚሠራበትን ሥርዓት ግን አያውቅም ነበር።

ጡት ወተት የሚያመነጨው በተጠባው መጠን ነው። ሕፃኑ በጠባ ቁጥር ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ይመነጫል፤ መጠኑም በሌሊት ከፍ ይላል። ሳይጠባ በጡት ውስጥ የቀረ ወተት ደግሞ የአዲሱን ወተት መመረት ያዘገያል። ስለዚህ የሌሊቱን ጡት የከለከለ፣ የቀኑንም በአራት በአራት ሰዓት የከፋፈለ መመሪያ የወተቱን ምንጭ ራሱን ያደርቅ ነበር። በዚህ መመሪያ የታነጸችው እናት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ወተቴ አነሰ» ስትል እውነቷን ነበር። ሐኪሙም ቃሏን ሰምቶ ጡጦ ያዝላታል፤ ጡጦ የጠገበ ሕፃን ጡቱን ይተዋል፤ ወተቱም ይብሱን ይቀንሳል። መፍትሔ ተብሎ የታዘዘው ነገር የችግሩ ምክንያት የሆነው በዚህ አኳኋን ነው።

በዚህ ላይ የሕፃኑ ለቅሶ አለ። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ብራዝልተን በ1962 ባሳተመው ጥናት የጤናማ ሕፃናት ለቅሶ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ በርትቶ ከዚያ በኋላ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህን ያልተነገራት እናት፣ አያትና ጎረቤት ለቅሶውን ረኃብ ነው ብለው ቢተረጉሙት አይፈረድባቸውም።

ንግዱ የገባው በዚሁ በተከፈተ በር ነው። በጃማይካ የተወለደችውና ክዋሺዮርኮር የተባለውን በሽታ በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀችው ሐኪም ሲስሊ ዊሊያምስ በ1939 በሲንጋፖር ለሮታሪ ክበብ አባላት ባደረገችው ንግግር፣ ለሕፃናት የማይስማማ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት በማስታወቂያ የሚያደርሰው ሞት እንደ ነፍስ ግድያ ሊቆጠር እንደሚገባ በግልጽ ተናገረች። የንግግሯም ርእስ «ወተትና ነፍስ ግድያ» የሚል ነበር። ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ትኩረት ለማግኘት ግን ሌላ 35 ዓመት ፈጅቷል። በ1974 በእንግሊዝ አገር የወጣው «ሕፃን ገዳዩ» የተሰኘ ጽሑፍ እንደ ነርስ ለብሰው በየማዋለጃው ወተት የሚያስተዋውቁ ሴቶችን አሠራር ለአደባባይ አበቃ። በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ተተኪዎችን ግብይት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ደንብ በ118 ድጋፍና በ3 ድምፀ ተዓቅቦ ሲያጸድቅ የተቃወመችው አንዲት አገር ብቻ ነበረች፤ እርሷም አሜሪካ ናት።

በኢትዮጵያ ገጠር የዱቄት ወተት የዚህን ያህል ስፍራ አልነበረውም። በብዙ አካባቢ ለተወለደ ልጅ ቅቤ ማዋጥ፣ እንገሩን አልቦ መድፋት፣ ኋላም ውሃ ወይም የአብሽ ውሃ ማቅመስ የተለመደ ነበር። ይህን ሁሉ የባህል ጥፋት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሆኖም በውሃው ላይ ሕክምናው ራሱ ቁርጥ ያለ አቋም የያዘው ዘግይቶ ነው። በሞቃት አገር ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ተጨማሪ ውሃ እንደማያስፈልገው በጃማይካ የተደረገ ጥናት ያሳየው በ1978 ነበር። በፔሩ ሊማ ዳርቻ ተካሂዶ በ1989 የታተመ ጥናት ደግሞ በጡት ላይ ውሃ ወይም ሻይ መጨመር ብቻውን የተቅማጥን ሥርጭት በእጥፍ እንደሚያሳድግ አመለከተ። «ጡት ብቻ» ማለት ውሃም እንኳ ሳይጨመር ማለት እንደሆነ በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያዎች በግልጽ የተደነገገው በ1991 ነው።

የጊዜው ገደብም እንዲሁ ተለዋውጧል። በ1990 በፍሎረንስ፣ በጥንቱ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ በኢኖቼንቲ የወጣው መግለጫ ጡት ብቻ ማጥባትን «ከአራት እስከ ስድስት ወር» ብሎ ወሰነ። «ስድስት ወር» የሚለው የተቆረጠው በ2001 ነው፤ ኢትዮጵያም የጨቅላ ሕፃናትና ሕፃናት አመጋገብ ብሔራዊ ስትራቴጂዋን በ2004 አወጣች። እንግዲህ በ1990ዎቹ የወለደች እናት በአራተኛው ወር ምግብ እንድትጀምር ተመክራ ከሆነ፣ ያን ጊዜ የተሰጣት ምክር ትክክለኛ ነበር። ዛሬ አያት ሆና ለአራስ ልጇ ያንኑ ስትመክር «ኋላ ቀር አመለካከት» የሚል ስም ይሰጣታል፤ ምክሩን ከጤና ጣቢያ እንዳገኘችው ግን የሚያስታውስ የለም።

ከሁሉ የከበደው መለዋወጥ የመጣው በኤችአይቪ ምክንያት ነው። ቫይረሱ በጡት ወተት እንደሚተላለፍ የሚያመለክት መረጃ በ1985 ከወጣ በኋላ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ እናቶች አቅሙ ካላቸው ጡት ጨርሶ እንዲተዉ ሲመከሩ ቆዩ። በ1999 ከደርባን የተገኘው የጥናት ውጤት ግን ጡት ብቻ ከጠቡት ይልቅ ጡትና ሌላ ምግብ ተቀላቅሎላቸው የነበሩት ሕፃናት በቫይረሱ በብዛት መያዛቸውን አሳየ። የዱቄት ወተት በነፃ ይታደል በነበረባት ቦትስዋና በ2006 መጀመሪያ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተቅማጥ በተነሣ ጊዜም፣ ሆስፒታል ከገቡት ሕፃናት አብዛኞቹ ጡት የማይጠቡ ነበሩ። በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት እናቶች ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት እየወሰዱ እንዲያጠቡ የሚያስችል መመሪያ አወጣ። በእነዚያ 25 ዓመታት አንዲት እናት በመጀመሪያ ልጇ «ተዪ»፣ በሁለተኛው «በድንገት አቋርጪ»፣ በሦስተኛው «አጥቢ» ልትባል ትችል ነበር። ቫይረሱ የሌለባት ጎረቤቷም ይህን ሁሉ እየሰማች በራሷ ወተት ላይ ጥርጣሬ ቢያድርባት የሚያስገርም አይደለም።

«ሥራ ልገባ ነው» የሚለው መልስ ግን ከጥርጣሬ የመነጨ አይደለም፤ የቀን ቆጠራ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ የፈቀደው ዕረፍት 60 ቀን ነበር። ሕጉ በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ስድስት ወር ጡት ብቻ እንድታጠባ የተመከረች ተቀጣሪ ሴት በሁለተኛው ወር መጨረሻ ወደ ሥራ ትመለስ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕረፍቱ ወደ 90 ቀን ከፍ ብሏል፤ ይህም ከስድስቱ ወር ግማሹ ነው። ወተቷን አልባ ማስቀመጥ እንደምትችል ብትመከርም፣ የምታልብበት የተሸሸገ ስፍራና ወተቱ የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ቦታ በሥራ ቤቷ ከሌለ ምክሩ በወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ እናቲቱ ልጇ እንዲለምድላት ጡጦውን ሥራ ከመግባቷ ሁለት ሦስት ሳምንት አስቀድማ ትጀምራለች፤ የጡቷ ወተትም ከዚያው ቀን ጀምሮ መቀነስ ይይዛል። በሦስተኛው ወር ለክትባት ስትመጣ በካርዷ ላይ የሚጻፈው «ወተቴ አነሰ» የሚለው ብቻ ነው።