ፈሪው አልጋ ወራሽና የሞንትሮ ቅጥር

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1420 ዓ.ም. በትሯ ከተማ በተፈረመው ውል፣ አእምሮው የታወከው የፈረንሳይ ንጉሥ ሻርል ስድስተኛ ሴት ልጁን ለእንግሊዙ ንጉሥ ለሄንሪ አምስተኛ ድሮ፣ ከሞቱ በኋላ ዘውዱ ለአማቹ እንዲተላለፍ በፈቀደ ጊዜ፣ ከአብራኩ የተከፈለው አልጋ ወራሽ ሻርል በአባቱ ማኅተም ከርስተ መንግሥቱ ተነቀለ። ሰበቡም በዋዜማው ዓመት የቡርጎኝ መስፍን ዣን ለዕርቅ በመጣበት በሞንትሮ ድልድይ ላይ፣ በአልጋ ወራሹ ፊት፣ በባለሟሎቹ እጅ መገደሉ ነበረ፤ ያ ደም የሟቹን ልጅ ከእንግሊዝ ጋር አወዳጅቶት ነበርና።

ሻርል በጠባዩ ድንጉጥ ነበረ። በ15 ዓመቱ በሌሊት ከፓሪስ ሸሸ፤ በ1422 ዓ.ም. በላ ሮሼል ከሰዎቹ ጋር ተሰብስቦ ሳለ ወለሉ ተደርምሶ ብዙዎች ሲሞቱ እርሱ ተረፈ፤ ጠላቶቹም ሸሽቶ በተጠጋባት ከተማ ስም «የቡርዥ ንጉሥ» እያሉ ይዘባበቱበት ነበር።

በ1429 ዓ.ም. ዣን ዳርክ የምትባል የገበሬ ልጅ ሺኖን ድረስ መጥታ ከእግዚአብሔር ተልኬአለሁ ባለችው በጥቂት ወራት ውስጥ ኦርሌያን ከከበባ ወጣች፤ እርሱም በራንስ ካቴድራል ቅብዐ መንግሥት ተቀብቶ ሥርዓተ ንግሡ ተፈጸመ። ይህን ግን የንጉሡ ድፍረት ልለው አልችልም፤ ድፍረቱ የእርሷ ነበርና። ተማርካ በ1431 ዓ.ም. በሩዋን በእሳት ስትቃጠል፣ ያነገሠችው ሰው ሊያድናት እጁን ሲዘረጋ አልታየም።

የገዛ ራሱ ድፍረት የጀመረው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከጦር ሜዳ አስቀድሞ በ1435 ዓ.ም. በአራስ ጉባኤ ነው። በዚያ ስለ ሞንትሮ ደም በእንደራሴዎቹ አፍ ይቅርታ ጠየቀ፤ ለሟቹም ነፍስ ቅዳሴ እንዲቀደስ ተስማማ። ንጉሥ በመስፍን ፊት ራሱን ዝቅ ማድረጉ ሽንፈት ቢመስልም፣ ቡርጎኝን ከእንግሊዝ ለየለት፤ በማግሥቱም ዓመት ፓሪስ በሯን ለሠራዊቱ ከፈተች። በ1437 ዓ.ም. እንግሊዞች በያዟት በዚያችው በሞንትሮ ላይ ራሱ ዘመተ፤ ከላ ሮሼል ወዲህ የወለል መናጋት እንኳ ያስፈራዋል የተባለው ሰው፣ የዘመኑ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ውኃ በሞላው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ፣ ሰይፉን መዝዞ በመሰላል ቅጥሩን ወጣ። በኅዳር ወር፣ ከሸሸ ከ19 ዓመት በኋላ፣ ፓሪስ ገባ።

ሩዋን በ1449 ዓ.ም. ከተመለሰች በኋላ፣ በዣን ዳርክ ላይ የተፈረደው ፍርድ እንዲመረመር ንጉሡ አዘዘ። የዘውዱን ክብር ለማንጻትም ጭምር መሆኑ ባይካድም፣ በ1456 ዓ.ም. ፍርዱ በተሻረ ጊዜ እናቷ ገና በሕይወት ነበረች።