ዋስ የማይጠራ ቅጽ

እንደሚታወቀው በሀገራችን «ይህ ሰው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ለብዙ ዘመን ወረቀት ሳይሆን ሰው ነበር። ባለጉዳይ ዳኛ ፊት ሲቀርብ አስቀድሞ የሚጠየቀው ዋስ ነው። ዋስ ያጣ ባለዕዳ ከባለገንዘቡ ጋር በአንድ ሰንሰለት ታስሮ ይሄድ የነበረበት ሥርዓት ዛሬ ቢቀርም «ቁራኛ» የሚለው ስሙ በቋንቋችን ውስጥ አለ። ዋስነት አፍ ብቻ አልነበረም። የተዋሰው ሰው ቢጠፋ ዋሱ ከኪሱ ይከፍላል፤ ሲከፋም በአካሉ ይያዛል። በዚህ ምክንያት ዋስ የሚሆን ሰው ስለ ጎረቤቱ ጠባይ የሚናገረው ነገር ክብደት ነበረው፤ ቢሳሳት ጉዳቱ የራሱ ነውና።

ይህ ልማድ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ገና አልሞተም። ከጅማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሰቃ፣ እቁብ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ይጠራል። በኦሮምኛ «ዋቢ» ይሉታል፤ አማርኛውም ቃሉን ያውቀዋል። ቡና ሳይለቀም በፊት ገንዘብ የሚሰጥና የሚቀበል ሁሉ የሚተማመነው በዚሁ ነው። እርግጥ ነው፣ አካባቢው ለፍተሻም እንግዳ አይደለም። እስከ ዳግማዊ አባ ጅፋር ድረስ የነገሡት የጅማ ነገሥታት በግዛታቸው ድንበር ላይ ኬላ አቁመው፣ ጠባቂ መድበው፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ይቆጣጠሩ ነበር። ነገር ግን የኬላው ጠባቂ የሚጠይቀው መንገደኛው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደጫነና ማን እንደፈቀደለት ነበር። ከዐሥር ዓመት በፊት ማን ይዞት እንደነበር የሚናገር መዝገብ አልነበረውም።

ይህን ሁሉ የማነሣው በቅርቡ በሰቃ ስላየሁት አንድ ቅጽ ለማውራት ነው። ክረምቱን የደካሞችን ቤት ሲጠግኑና ተማሪዎችን በነፃ ሲያስጠኑ ለቆዩ ወጣቶች ሽልማት ሊሰጥ ታሰበ። የሸላሚውን ድርጅት ስም እዚህ መጥራት አያስፈልግም። ከሽልማቱ በፊት እያንዳንዱ ወጣት የሚፈርምበት አንድ ገጽ ቀረበ፤ ፍሬ ነገሩም «ስለ እኔ በፖሊስ ዘንድ የሚገኝ ማናቸውም መረጃ ለሸላሚው እንዲሰጥ ፈቅጃለሁ» የሚል ነው። አብዛኞቹ ሳያነቡ ፈረሙ። አንዱ ግን አንብቦ፣ ቅጹን አጥፎ መለሰና ከዝርዝሩ ወጣ። ይህ ወጣት በ2009 ዓ.ም. ተይዘው ሳይከሰሱ ከተለቀቁት አንዱ ነው።

ወጣቱ ለምን እንደወጣ የሚገባን የዚያን ዓመት ታሪክ ስናስታውስ ነው። መስከረም 28 ቀን 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የተነሣውም ሐምሌ 28 ቀን 2009 ነው። በመጀመሪያው ወር ብቻ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች መያዛቸውን ራሱ መንግሥት አስታውቋል። ከማጎሪያዎቹ አንዱ ጦላይ ነበር፤ ያውም እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ። አብዛኞቹ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ «ተሃድሶ» የተባለውን ሥልጠና ወስደው፣ «አይደገምም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ለብሰው ተለቀቁ። ያልተፈረደበት ሰው «አይደገምም» ሲል የማይደግመው ምኑን እንደሆነ የጠየቀ ባለሥልጣን አልሰማሁም። በ2010 ዓ.ም. የምሕረት አዋጅ ቁጥር 1096 ሲወጣም በፖለቲካ ወንጀል የተከሰሱና የተፈረደባቸው ተጠቀሙ። ያልተከሰሰው ግን ምን ምሕረት ይደረግለታል? የሚሰረዝለት ፍርድ የለውም። ያለው ስሙ በአንድ ጣቢያ መዝገብ ላይ መስፈሩ ብቻ ነው። «ማናቸውም መረጃ» የሚለው ሐረግ የሚደርሰው ደግሞ እዚያ ነው።

የፖሊስ መዝገብ በኢትዮጵያ ረጅም ዕድሜ የለውም። በድሮው ጊዜ ሌባ የሚፈለገው በአውጫጭኝ ነበር፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ከሥራው ተስተጓጉሎ ይቀመጣል። መድኃኒት ባጠጡት ልጅ ሌባ የሚያስፈልጉበት የሌባ ሻይ ሥርዓትም ነበር። ልጅ ኢያሱ በሥልጣን ላይ በነበሩበት ጊዜ እነዚህን ልማዶች ለማስቀረት ተሞከረ፤ ተረንቡሌ የሚባለው የከተማ ዘበኛም በዚያው ዘመን ተቋቋመ። ዘመናዊው ፖሊስ በሕግ የቆመው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ቀበሌን ፈጠረ። ከዚያ በኋላ ሰው ማንነቱን የሚያስመሰክረው በጎረቤቱ ሳይሆን በቀበሌ መታወቂያና በድጋፍ ደብዳቤ ሆነ። ልብ በሉ፣ ደብዳቤውን የፈረመው ሊቀመንበር እንደ ዋስ አይጠየቅም። ስለ ሰው ጠባይ የሚመሰክረውና ስለ ምስክርነቱ ዕዳ የሚከፍለው የተለያዩት ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

በጎ ፈቃድ ራሱ በሀገራችን ሁልጊዜ በፈቃድ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ሲወጡ፣ ያልዘመተ ተማሪ የትምህርትም የሥራም በር እንደሚዘጋበት ያውቅ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በዓመቱ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ከአስተማሪዎቹ ስንቶቹ በቀይ ሽብር ዘመን ታስረው የወጡ ነበሩ? ሽልማቱን የሰጡት ይህን አልጠየቁም። ፊደል የቆጠረው ገበሬም አልጠየቀም።

ነገሩን በአንድ ዓይን ብቻ እንዳናየው አንድ የውጭ ታሪክ ላንሣ። በእንግሊዝ ሀገር፣ ሶሃም በምትባል ትንሽ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2002 ሁለት የዐሥር ዓመት ልጃገረዶች ተገደሉ። ገዳዩ የትምህርት ቤት ጥበቃና የጽዳት ኃላፊ ነበር። ኋላ ሲጣራ ሌላ አውራጃ ሳለ በተደጋጋሚ በወሲብ ጥቃት ተጠርጥሮ እንደነበር ታወቀ፤ ነገር ግን በዚያ ጥፋት አንድም ጊዜ አልተፈረደበትም። ስለዚህ «የፍርድ መዝገብ ብቻ ይታይ» ብንል ያን ሰው አናገኘውም ነበር። ጉዳዩን የመረመረው የቢቻርድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሪፖርት ፖሊስ ጥርጣሬዎቹን አያይዞ ባለማቆየቱ ወቅሷል። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ የልጆች አባት የሆነ ሁሉ ክብደቱን ያውቀዋል። እኔም ከሕፃናት ጋር ብቻውን የሚውል ሰው ይጣራ ቢባል አልቃወምም። ነገር ግን ያ ማጣራት አንድን ሰው ለአንድ ሥራ ለመመደብ ነው፤ የሚፈለገውም ከዚያ ሥራ ጋር የተያያዘ ጥፋት ነው። የሰቃው ቅጽ ወጣቶቹ ሥራውን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ የመጣ ነው። ልጆቹን ሲያስጠኑ ያልጠየቀ፣ ሰርተፍኬት ሲሰጥ ይጠይቃል። የሚጠብቀው ልጆቹን ሳይሆን የሸላሚውን ስም ነው።

ሌላው የሚያሳዝነኝ፣ ሕጋችን ከዚህ ቅጽ የተሻለ መሆኑ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ «መሰየም» የሚባል ሥርዓት ነበረው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ይዞት ቀጥሏል። ፍርዱን የፈጸመ ሰው ጽኑ እስራት ከሆነ ከአምስት ዓመት፣ ሌላ ቅጣት ከሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጠባዩ መልካም ከሆነና የሚገባውን ካሣ ከከፈለ፣ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ይሰየማል። ሲሰየም ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚህም ያልፋል፤ ያን የቀድሞ ፍርድ እያነሣ በክፋት የሚዘልፈው ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ «የተናገርሁት እውነት ነው» የሚለው መከላከያም አይረዳውም። ሕጉ ይህን ያህል ርቆ ሄዷል። እውነትም ቢሆን ዝም በል ይላል። ለተፈረደበት እንኳ ይህ ሁሉ ሲደረግ፣ ያልተፈረደበትን ሰው አሮጌ እስር በገዛ ፊርማው እንዲያስቆፍር መጠየቅ ምን ይባላል?

«ፈቅዶ ነው የፈረመው» የሚሉኝ አሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ፈቃድ በነፃነት የሚሰጥ መሆን እንዳለበት ይናገራል። አልፈርምም ያለ ወጣት በማግሥቱ ሰፈር ውስጥ «ምን ደብቆ ነው?» የሚባልበት ፈቃድ ነፃ አይደለም። ሰቃ ትንሽ ከተማ ናት። ዝርዝሩ ሲነበብ የማን ስም እንደጎደለ ሁሉም ያውቃል። ፈርሞ የሚመጣውን ከመጠበቅና ሳይፈርም ከመታማት አንዱን እንዲመርጥ ነው የተጠየቀው።

ከአካባቢው ሽማግሌዎች አንዱ ነገሩን ሲሰሙ «እኛ ዋስ እንሁነው» አሉ። ቤታቸው የተጠገነላቸው እሳቸው ናቸው፤ ክረምቱን ሙሉ አይተውታል። ድርጅቱ በትሕትና፣ ቅጹ እንዲህ ያለውን እንደማያስተናግድ ነገራቸው። እኔ ብሆን ቅጹን እንዲህ እለውጠው ነበር። ከልጆች ጋር ብቻቸውን ለሚውሉት፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት፣ በልጆች ላይ የተፈጸመ ጥፋትን ብቻ የሚመለከት፣ መልሱም ለወጣቱ ራሱ በቅድሚያ የሚደርስ ማጣሪያ ይኑር፤ ስሕተት ካለበት ያርመዋልና። ለሽልማቱ ደግሞ ከሠራበት ሰፈር ሁለት ዋሶች ይበቃሉ፣ ስማቸውንና ፊርማቸውን አኑረው።

ሽልማቱ በተሰጠ ዕለት ወጣቱ አልመጣም። የዚያኑ ሳምንት ቅዳሜ ግን ተማሪዎቹን ሲያስጠና አይቼዋለሁ።