የሐርጌሣ መድረክ፤ የጥበብ ነጻነትና የሕዝብ አደራ

ጥበበኛ ያሰበውን ይናገር ዘንድ መድረክ ያስፈልገዋል፤ መድረክም ጸንቶ ይቆም ዘንድ የሕዝብ አመኔታ ያስፈልገዋል። እነዚህን ሁለቱን ማስማማት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ከጎረቤታችን ከሐርጌሣ ከተማ ታሪክ እንረዳለን። ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1955 አብዱላሂ ቀርሼና ባልንጀሮቹ «ወላሎ ሐርጌሣ»፣ ማለት «የሐርጌሣ ወንድማማቾች» የተባለውን የጥበብ ማኅበር መሠረቱ። አገሩ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ስለ ነበረ የነጻነት ምኞት በፍቅር ዘፈን ተሸፍኖ ይነገር ነበር፤ ይኸውም እኛ ሰምና ወርቅ የምንለው ዐይነት ነው። ዘፋኞቹ የሕዝቡን አደራ የተቀበሉት ማንም ሳያስገድዳቸው ነበር።

በ1969 ወታደሮች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን መንግሥት መድረኩን በእጁ አደረገ። ባለቅኔው ሐድራዊ ከ1973 እስከ 1978 ታሰረ። በ1979 ጋሪዬ የጀመረው «ዴሌይ» የተባለው የቅኔ ምልልስም በካሴት እየተቀዳ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ቅኔው መንገድ አላጣም፤ ገዢው ግን የሕዝቡን ቅሬታ በግልጽ የሚሰማበትን ጆሮ አጣ። በ1988 ከተማይቱ በቦምብ ስትደበደብ የቴያትር ቤቱም ፈረሰ፤ ከራዲዮ ሐርጌሣ የድምፅ ክሮች ብዙዎቹ የዳኑት መሬት ውስጥ ተቀብረው ነው።

ከተማይቱ እንደገና ስትሠራ ፈተናው መልኩን ለወጠ። በጋአን ሊባህም ሆነ በሌሎቹ ወረዳዎች ከሚኖረው ሕዝብ መካከል ዘፈንን በሃይማኖት ምክንያት የሚነቅፍ ወገን አለ። ከፈረንሳይ አገር የተመለሰችው ዘፋኝ ሳሕራ ሐልጋን «ሒዶ ዳውር» የተባለውን ቤት ከፍታ ጥንታዊውን ዘፈን ከአገር ምግብ ጋር አቀረበች። በ2014 የተከፈተው የባህል ማዕከልም ከ10000 የሚበልጡ ካሴቶችን አሰባሰበ። ሁለቱም ለነቃፊው የመለሱት፣ የአባቶችን ቅርስ መጠበቅ ራሱ ለሕዝብ የሚደረግ አገልግሎት መሆኑን በሥራ በማሳየት ነው። ይሁን እንጂ ባለቅኔዋ ናዒማ ቆራኔ ስለ ሶማሌ አንድነት በመናገሯ በ2018 የ3 ዓመት እስራት ተፈርዶባት በሚቀጥለው ወር በይቅርታ ተፈታች።

እንግዲህ ጥበበኛ በፈቃዱ የተሸከመው ኀላፊነት መድረኩን ያጸናል፤ በፍርድ ቤት የተጫነበት ግን ቃሉን ወደ ጓዳ ይሰድደዋል። ይህ ነገር የትምህርት ቤትንም መድረክ ይመለከታል። ተማሪ የጻፈው ቴያትር የሚያሰጋ ቢመስል እንኳ መምህሩ ከመሰረዙ በፊት ደራሲውን ጠርቶ፣ «ይህን ቃል ማን ይሰማዋል? ምንስ ይሆናል?» ብሎ ይጠይቀው። ተማሪው መልሱን ራሱ ሲያገኝ ነጻነትንና አደራን በአንድነት ይማራል።