ፒላተስ፦ ፈረሰኛው ራሱን ሲገራ

ፒላተስ የሰው ስም ነው። ጆሴፍ ፒላተስ እ.ኤ.አ. በ1883 ጀርመን ውስጥ ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች አስረውት ሳለ ያዳበረውን የአካል እንቅስቃሴ ስልት በኋላ ኒው ዮርክ ላይ አስተማረ። እሱ ራሱ ለስልቱ ያወጣው ስም «ቁጥጥር» ከሚል ቃል የተበጀ ነበር። ዓለም ግን በእሱ ስም ጠራው።

በአማርኛ «አካል መግራት» ብንለው እመርጣለሁ። የተገራ ፈረስ ጉልበቱ ካልተገራው ላይበልጥ ይችላል፤ ጉልበቱ ግን ይታዘዛል። ፒላተስም ጥልቅ የሆድ ጡንቻዎችን፣ አከርካሪን የሚደግፉትን የጀርባ ጡንቻዎችና ዳሌን፣ በዝግታና ከትንፋሽ ጋር እያስማማ እንዲታዘዙ ያለማምዳል።

ይህ ለፈረሰኛ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመረዳት ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ መገኘት ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች በየዓመቱ በዚያ ዕለት በግልቢያና በጉግስ ይዘክራል። ጉግስ ላይ አሳዳጁ ዘንግ ይወረውራል፤ ተሳዳጁ ፈረሱ እየጋለበ ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻው ይመክታል። እጆች ሁሉ ሥራ ይዘዋል። በእግር አውራ ጣት ብቻ በሚያዘው የጥንቱ እርካብ ደግሞ እግርም ብዙ አያግዝም ነበር። ሰውየውን ኮርቻ ላይ የሚያቆየው ወገቡና ዳሌው ነው።

ፈረስ በተራመደ ቁጥር ጀርባው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝም ይወዛወዛል። የጋላቢው ዳሌ ይህን ተቀብሎ አብሮ ካልሄደ፣ በተለይ በሶምሶማ ጊዜ፣ ንጠቱ ወገቡ ላይ ያርፋል። ወገቡ የደከመ ሰው እንዳይወድቅ በጉልበቱ ይጨብጣል፣ ዛቡንም ይጎትታል፤ ልጓሙ የፈረሱን አፍ ያቆስላል። ወደ አንድ ጎን ማዘንበል የለመደም ኮርቻውን ስለሚያንሸራትተው የፈረሱ ጀርባ ይላጣል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ፈረስ ሕመሙን አይናገርም፣ ቁስሉን ይዞ ይጋልባል።

ልምምዱ ሰፊ ሜዳ አይጠይቅም። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ፈረስ የሚያገኘውም ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ሲል ብቻ የሆነ ሰው፣ ምንጣፍ አንጥፎ መጀመር ይችላል። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን በማጠፍ ዳሌን ቀስ ብሎ ማንሣትና ማውረድ መቀመጫንና የጀርባን ታች ያጠነክራል። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን መዘርጋት፣ ከዚያም መቀያየር፣ የትኛው ጎን እንደሚሰንፍ ወዲያው ያጋልጣል። ለጉግስ ተጫዋች ግን ከሁሉ የምመርጥለት እግርን ዘርግቶ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ዳሌን ሳያንቀሳቅሱ ከወገብ በላይ መዞርን ነው፤ ወደ ኋላ ዞሮ ሲመክት የሚያስፈልገው እንቅስቃሴ ይኸው ነውና።

ፒላተስ ኮርቻ ላይ የሚገኘውን ልምድ አይተካም። የዲስክ መንሸራተት ያለበት ሰው ደግሞ መታጠፍና መዞር ያለባቸውን እንቅስቃሴዎች ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ያማክር።